የአምናዋ እልልታ

ጎንደር ከተማ፣ ከፒያሳ ዝቅ ብሎ ባለው ትልቁ አዳራሽ፣ ከገና እስከ ከተራ ዋዜማ ኮንሰርት በተደረገ ቁጥር ሁለተኛው ረድፍ ላይ ከምሰሶው ሥር የምትቀመጠው ሴትዮ የዘፋኝ እናት ናት ይባላል። የየትኛው ዘፋኝ? ይሄ እንደ ዓመቱ ነው። ካቻምና የዚያ ጥርሱ የሚያምረው ልጅ እናት ነበረች፤ አምና ደግሞ መድረክ ላይ እያለቀሰ የዘፈነው ልጅ እናት ሆነች። ልጁ ስሙ ሲገን ካዳት አሉ። በቴሌቪዥን ቀርቦ "እናቴ በልጅነቴ ነው የሞተችው" አለ አሉ። እሷ ግን የእናት አንጀት ነውና ዓመት ጠብቃ፣ ነጭ ለብሳ ትመጣለች፤ እሱ ብቅ ሲል እልልታውን ታቀልጠዋለች፤ እሱም ድምጿን እያወቀ ፊቱን ያዞራል አሉ። እዚህ ላይ አውሪው ድምፁን ዝቅ ያደርጋል፣ አድማጩ ከንፈሩን ይመጥጣል፣ ወሬው ወደሚቀጥለው ቤት ያልፋል።

ሸጋ ወሬ ነው። አንድ ጉድለት ብቻ አለበት፤ ምሰሶውን ረስቶታል። ያ ምሰሶ በጣሊያን ጊዜ የቆመ፣ ሁለት ሰው እጅ ለእጅ ተያይዞ የማያቅፈው ድንጋይ ነው። ከሥሩ የተቀመጠን ሰው ከመድረክ ላይ ሆኖ ማየት አይቻልም። እንኳን የካደ ልጅ፣ የሚወድ ልጅም አያያትም።

እውነቱ ይሄ ነው፦ ሴትዮዋ ይርገዱ ትባላለች፤ ዘፋኝ ልጅ የላትም። ነጋዴም ወታደርም የላትም፤ ጭራሽ አልወለደችም። ወሬውን ግን አታውቀውም እንዳይመስላችሁ። ከማናችንም ቀድማ ሰምታዋለች፤ ሰምታም አላስተባበለችም። ፀዳ ሰፈር፣ ታክሲ መያዣው አጠገብ ሽንኩርት የምትቸረችረዋ ሴት፣

"እትዬ ይርገዱ፣ ልጅዎ እንዴት ነው?" ስትላት፣

"ደህና ነው፣ ብቻ ይሄ ብርድ ድምፁን ዘጋበት" ብላ ታልፋለች።

ይህን የሰማ አንድ ጎረቤቷ አንድ ቀን፣ "እንዴ እትዬ፣ የሌለ ልጅ ጉንፋን ያስይዛሉ?" ብሎ ቢቆጣት፣ "ስለ እኔማ ማን ይጠይቀኛል? በልጄ በኩል ይምጡ እንጂ" አለችው። ሰውዬው ስቆ ሄደ። ቤቱ ሲገባ ነው መሳቁ ትክክል አልመስለው ያለው።

ይርገዱ የአዲ አርቃይ ልጅ ናት። ነፍስ ሳታውቅ ዳሯት፤ ልጅ እምቢ ሲላት ባሏ ሌላ አመጣ፤ እሷም እህል በጫነ ማኪና ላይ ተሳፍራ ጎንደር ገባች። ይሄን ክፍል እሷ ራሷ ከዚህ አስረዝማ አውርታው አታውቅም፤ እኛም ምን አገባን ብለን አናስረዝመው። ጎንደር ውስጥ ከአንድ ሆስፒታል ልብስ ማጠቢያ ክፍል ተቀጠረች፤ ጡረታ እስክትወጣም ከዚያ አልተነቃነቀችም። ማሽኑ ሲዞር ክፍሉ ወፍጮ ቤት ነው የሚመስለው። ሰው "ሳሙና አቀብዪኝ" ለማለት እንደ አዋጅ ነጋሪ መጮህ አለበት። የይርገዱ ጉሮሮ የተሳለው እዚያ ነው።

የማጠቢያው መስኮት ከማዋለጃው መስኮት ጋር ፊት ለፊት ነበር። ከደገኛው አገር ምጥ የበረታባት ሴት በአምቡላንስ ስትመጣ አብዛኛውን ጊዜ አጅበዋት የሚመጡት ወንዶች ናቸው፤ ባሏ፣ ወንድሞቿ፣ ቃሬዛውን እስከ መንገድ የተሸከሙ ጎረቤቶቿ። ልጁ ሲወለድ እነዚህ ሰዎች ጋቢያቸውን እያስተካከሉ ተመስገን ይላሉ እንጂ እልል አይሉም። እልል ሳይባልለት የገባ ልጅ ደግሞ በአጥር ዘሎ የገባ ነው የሚመስለው። ይሄኔ አዋላጇ ሲስተር ፈንታዬ መስኮቷን ከፈት ታደርግና፣

"ይርጌ! ባዶ ቤት ነው!" ትላለች።

ባዶ ቤት ማለት ወላዷ አንዲት ሴት ዘመድ አብራት አልመጣችም ማለት ነው። ይርገዱ አረፋ ያዘለ እጇን ወደ ላይ እንደያዘች አንገቷን በመስኮት አውጥታ እልልታውን ትለቀዋለች። ለወንድ ይበዛል ለሴት ያንሳል የሚባለውን ደንብ እሷ አትገዛለትም ነበር፤ ለሁሉም ትንፋሿ እስኪያልቅ ነው። ምነው ደንቡን ታበላሺያለሽ ሲሏት፣ "የማጥበው አንሶላ እንደሁ አንድ ነው" ትላለች። ዛሬ በከተማው ውስጥ በባጃጅ የሚገጩን፣ በባንክ መስኮት የሚያመናጭቁን ስንት ጎረምሶች በይርገዱ እልልታ እንደገቡ እግዜር ይወቀው።

እልልታ ግን የብቻ ሥራ አይደለም። አንዷ ትጀምራለች፤ ሌላዋ ትቀበላለች፤ የጀመረችው መልሳ ትወስደዋለች፤ የቀረው ሰው የሚገባው ከዚያ በኋላ ነው። ተቀባይ ያጣች እልልታ የምስራችነቷ ይቀርና ጅብ ያየች ሴት ጩኸት ትመስላለች። ተቀብለው የመለሱልሽን መልሰሽ ሳትወስጂ ዝም ማለትም ነውር ነው፤ ሰው ጉርሻ ዘርግቶልሽ አፍሽን እንደመዝጋት ያለ ነው። ይሄን ማንም ቁጭ ብሎ አያስተምርም፤ ግን ሁሉም ያውቃል።

የይርገዱ ተቀባይ ብርቱካን ነበረች። ብርቱካን እዚያው ማጠቢያ ክፍል የታጠበውን ወደ ውጭ አውጥታ የምታሰጣ ሴት ናት። ከቤተ እስራኤል ወገን ናት፤ አባቷ ብረት ቀጥቃጭ፣ እናቷ ሸክላ ሠሪ ነበሩ። ወንድም እህቶቿ ተራ በተራ ወደ እስራኤል ሲሄዱ የእሷ ተራ ዛሬ ነገ እየተባለ እዚህ አርጅታለች። የይርገዱ ድምፅ ወፍራም ነው፤ ከደረት ተነስቶ ግድግዳ የሚገፋ ዓይነት። የብርቱካን ቀጭን ነው፤ መጨረሻው ላይ እንደ መንጠቆ ወደ ላይ ይታጠፋል። ከአንሶላው ማስጫ ገመድ ኋላ ስትቀበል ሰውነቷ አይታይም፤ ያቺ መንጠቆ ብቻ ናት ከነጩ ጨርቅ በላይ ብቅ የምትል።

ሁለቱም ጡረታ በወጡ ዓመት ሲስተር ፈንታዬ የገና ኮንሰርት ቲኬት ሰጠቻቸው። የሲስተር ልጅ ከትምህርት ቤቷ ከሚዘምሩት ልጆች አንዷ ነበረች። ብርቱካን መጀመሪያ አመነታች።

"ገናው እኮ የእኔ አይደለም፣ ይርጌ።"

"ወንበሩ የሁሉም ነው፤ ነይ።"

ሄዱ። ቦታ ሲታጣ ከምሰሶው ሥር ተቀመጡ። ልጆቹ ወጡ፤ ነጭ ለብሰው፣ በፍርሃት ተጣብቀው። አዳራሹ ያን ጊዜም እንደ ዛሬው ግርማው የሚያስፈራ ነው፤ ቀይ መጋረጃ፣ ከላይ ሰገነት፣ ጣሪያው ላይ እርግብ። ታዳሚው የተማረ ሰው ነው፤ ከዩኒቨርሲቲ፣ ከሆስፒታል፣ ከየቢሮው። የተማረ ሰው ደግሞ ሌላው ካላጨበጨበ አያጨበጭብም፤ ሁሉም ሌላውን ይጠብቃል። ልጆቹ አንዱን መዝሙር ጨረሱ፤ ዝም። ሁለተኛውን ጀመሩ፤ የአንዷ ድምፅ መንቀጥቀጥ ያዘ። ይርገዱ ወደ ብርቱካን ጎንበስ አለችና፣ "ባዶ ቤት ነው" አለቻት። ከዚያ ለቀቀችው። ብርቱካን ተቀበለች። ይርገዱ መልሳ ወሰደችው። አዳራሹ ተነሳ። ሰገነቱ ሳይቀር ተነሳ። ልጆቹ ከዚያ በኋላ የዘመሩትን የሰማ፣ ያው ልጆች ናቸው ብሎ አያምንም።

ሲወጡ ብርቱካን፣ "ገናው የእኔ ባይሆንም እልልታው ግን የእኔም ነው" አለች።

ከዚያ ወዲህ በረኛው አያ ሐዲስ ሁለቱን ቲኬት ጠይቋቸው አያውቅም። የሰንበት ተማሪዎቹ ቢወጡ፣ የባህል ቡድኑ ቢወጣ፣ ከአዲስ አበባ የመጣ ዘፋኝ ቢወጣ፣ አዘጋጆቹ በጎን በር አጮልቀው የሚያዩት ከምሰሶው ሥር ነጭ ነጠላ መኖሩን ነው። ካለ፣ አዳራሹ አይቀዘቅዝም። ያን ሰሞን ይርገዱ መንገድ ላይ ሰላምታ ታበዛለች። የማታውቃቸው ሴቶች ይስሟታል። ጥምቀት አልፎ ታቦታቱ ከቀሐ ወንዝ ሲመለሱ ግን ሰውም አብሮ ይመለሳል፣ ወደየራሱ። ከዚያ እስከሚቀጥለው ገና የፀዳ ኪራይ ቤቷን በር የምታንኳኳው ብርቱካን ብቻ ነበረች። ስትመጣ ብዙ አያወሩም፤ አንዷ ትቀመጣለች፣ ሌላዋም ትቀመጣለች። ስትሄድ ይርገዱ እስከ ታክሲው ትሸኛታለች፤ ብርቱካን መልሳ እስከ በሩ ትሸኛታለች፤ እንዲህ ሲመላለሱ ያየ የጠፋባቸው ነገር ያለ ይመስለዋል።

ባለፈው ክረምት የብርቱካን ተራ ደረሰ። እንዲህ ያለ ነገር ሲቆይ ይቆይና ሲመጣ ግን ልብስ ለማጠፍ እንኳ ጊዜ አይሰጥም። ይርገዱ አውቶቡሱ ድረስ ሄደች። ሁሉም ያለቅሳል፣ ሁሉም ይስቃል፣ የሻንጣ ጎማ ይጮኻል። ይርገዱ እልል ልትል አፏን ከፈተችና ተወችው። ብርቱካን ተቀብላ ስትመልስላት፣ እሷ መልሳ ሳትወስድ አውቶቡሱ ቢነሳስ?

የዘንድሮው ገና የመጣው እንዲህ ሆኖ ነው። የይርገዱ ጭንቀት አንድ ነበር፦ ማን ይቀበለኛል? ጉሮሮዋ እንደሆነ አለ፤ ማታ ማታ ትራሷን አፏ ላይ ይዛ ሞክራዋለች።

አዳራሹ ታድሷል። ወንበሩ ተለውጦ እንደ ሶፋ የሚሰምጥ ሆኗል። የዘመኑ ነገር ሆኖ ኮንሰርቱም ሳይመሽ ሰው ቤቱ እንዲገባ ከሰዓት በኋላ ተደርጓል። ይርገዱ ቀድማ ገብታ የለመደችው ቦታ ተቀመጠች፤ አጠገቧ ያለው ወንበር ላይ ጋቢዋን አኖረች። ሰው እየበዛ ሲመጣ አያ ሐዲስ ጎንበስ አለ።

"እቴ ይርገዱ፣ ይሄ ጋቢ ቲኬት አለው?"

"አያ ሐዲስ፣ ሰው ይመጣል ብዬ ነው።"

"ማን ይመጣል?"

ይርገዱ ጋቢዋን አንስታ ጉልበቷ ላይ አደረገችው። ሁለት ስልክ የያዘ ወፍራም ሰው መጥቶ ተቀመጠ፤ አንዱን ስልክ ለመቅረጫ፣ አንዱን ለመብራት።

መጋረጃው ተከፈተ፤ ልጆቹ ወጡ። ይርገዱ እንደ ልማዷ ጀመረች። ድምጿ እንደ ድሮው ግድግዳውን ገፋ። ግን አዳራሹ በሙሉ ስልክ ወደ ላይ ይዟል፤ የሚቀርጽ ሰው ደግሞ የራሱ ድምፅ እንዳይገባበት ትንፋሹን እንኳ ይውጣል። ሰው ሁሉ የሌላውን እልልታ ሊቀርጽ ጠበቀ። ትንፋሿ አለቀ። የተቀበላት የለም። ከሰገነቱ አንዲት ልጅ ኪኪ ብላ ሳቀች፤ ወፍራሙ ሰውዬ ትንሽ ራቅ ብሎ ተቀመጠ።

ይሄኔ ከግራም ከቀኝም ከስፒከሩ አንድ እልልታ ፈነዳ። ሁለት ሴቶች ናቸው፤ አንዷ ወፍራም፣ አንዷ ቀጭን። አዳራሹ በአንዴ ተቀበለ። ጭብጨባው፣ ፉጨቱ ጣሪያው ላይ ያሉትን እርግቦች በተናቸው። ይርገዱ በመገረም አካባቢዋን ቃኘች። እነማን ናቸው? ጀማሪዋን አላወቀቻትም፤ ሰው የራሱን ድምፅ በሌላ አፍ ሲሰማ ባዳ ነው። ሁለተኛዋ ግን መጨረሻዋ ላይ እንደ መንጠቆ ወደ ላይ ታጠፈች። ያን ጊዜ አወቀች። ተቀባይዋ ብርቱካን ከሆነች፣ ጀማሪዋ ሌላ ማን ልትሆን?

ኮንሰርቱ ሲያልቅ የድምፅ ሠራተኛው ጋ ሄደች። ክንዱ ይባላል፤ ከኪቦርዱና ከሽቦው መሀል እንደ ሸረሪት የሚቀመጥ ጨዋ ልጅ ነው።

"አንተ ክንዱ፣ ያቺ ሴትዮ እኔ ነኝ?"

"እንዴ፣ ታዲያ እትዬ! አምና ነው የቀዳኋት። ቆርጬ አጽድቼ ኪቦርዱ ላይ ጫንኳት። ይኸው ይቺ ነጯ ቁልፍ ናት፤ አንዴ መንካት ነው።" ነካት። ባዶው አዳራሽ ውስጥ ሁለቱ ሴቶች እልል አሉ፤ ብርቱካን መታጠፊያዋ ላይ ስትደርስ ድምፁ ተቆረጠ።

"እዚህ ላይ ምነው ቆረጥካት? መልሼ እወስዳለሁ እኮ።"

"ይረዝምብኛል እትዬ። በዚያ ላይ ሰዉ ራሱ ይቀጥለዋል።"

"እሺ። እኔስ እዚህ እያለሁ ምነው እሷን ነካህ?"

ክንዱ አንገቱን አከከ። "ሰዉ ዝም ሲልብዎት አሳዘኑኝ። በቀጥታ ስርጭት ነው የሚተላለፈው፤ አዳራሹ ሲቀዘቅዝ ያስታውቃል። አሁን እርስዎ ቢያምዎት፣ ቢደክምዎት እንኳ እልልታው አለ። እርስዎ ዝም ብለው ይዝናኑ።"

"ልጄ፣ ስሞት ለተዝካሬም ትነካት ይሆን?"

"ኧረ እትዬ ምን ማለትዎ ነው!"

"ለተዝካር እልል አይባልም ብለህ እንዳትተወኝ ብዬ ነው" አለችና ነጠላዋን አጣፍታ ወጣች። ክንዱ ቀልድ ነው ብሎ ሳቀ። ቀልድም ነበር፤ ግማሹ።

ይርገዱ የምትኖርበት ግቢ ውስጥ ቤዚ የምትባል ልጅ ተከራይታ ትኖራለች፤ ከዩኒቨርሲቲ ተመርቃ አንድ ቢሮ የምትሠራ፣ ሳቂታ፣ እግሯ ቤት የማይረጋ። በማግስቱ ቤዚ በስልኳ ወደ ብርቱካን ደወለችላት። ብርቱካን በምስል መጣች፤ ሰማያዊ የሥራ ልብስ ለብሳ፣ ከኋላዋ ረጅም ኮሪደር።

"ይርጌ! ከሳሽሳ!"

"ስልኩ ጠቦ ነው። አንቺስ፣ እዚያ እልል ትያለሽ?"

"አንድ ቀን የእህቴ ልጅ ቢመረቅ አልኩ። ከላይ ያለችው ጎረቤት ፖሊስ ጠራች። እዚህ አገር እልልታ የሚቀበለው ፖሊስ ነው።"

ቤዚ ሳቋ ስልኩን አነቃነቀው። ይርገዱም ሳቀች፤ ከዚያ፣

"ድምፅሽ እዚህ ቀርቷል እኮ" አለች። "ክንዱ አንዲት ነጭ ነገር ውስጥ ከቶ አስቀምጦታል። ሲነካት ትቀበይኛለሽ።"

"ደህና! ለካ እዚህ ብፈልገው ብፈልገው ያጣሁት እዚያ ቀርቶ ነው።" ብርቱካን ወደ ስልኩ ቀረበች። "አንቺ ታዲያ መልሰሽ ወሰድሽ?"

"ቆርጦታል።"

"ምን አለ በይኝ፣ ይሄን ልጅ ሴት አላሳደገችውም። በይ ሥራ ገባሁ፤ ተጠራን።" ኮሪደሩ ተገለበጠ፤ ስልኩ ጠፋ።

ይርገዱ ስልኩን ለቤዚ እየመለሰች፣ "ቤዚዬ፣ አንቺ ተቀበይኝ" አለቻት።

የሰሞኑ ሥራ ይህ ሆነ። ቤዚ ከቢሮ ስትመለስ ይርገዱ በር ላይ ትጠብቃታለች። የቤዚ እልልታ መጀመሪያ ላይ የፍየል ነበር።

"ምላስሽን ነው እንጂ ጭንቅላትሽን ምን አስነቀነቀሽ?"

"እትዬ፣ ሰው ይሰማኛል፤ አፍራለሁ።"

"እንዲሰማ እኮ ነው የኔ ልጅ። በድብቅ የሚባል እልልታ የት አለ?"

"ሠርጌ ላይ እንዴት ልሆን ነው ታዲያ?"

"ሠርግሽ ላይ እልል የምልልሽ እኔ ነኝ። ዛሬ ተበደሪኝ።"

ከቀን ወደ ቀን ፍየሉ ሰው እየሆነ መጣ። አንድ ቀን ማለዳ ይርገዱ ከቤቷ ጀመረች፤ ቤዚ ጥርሷን እየፋቀች ከቧንቧው አጠገብ ተቀበለች፤ ይርገዱ መልሳ ወሰደች። የግቢው ሰው ማን ወለደ ብሎ ወጣ። ይርገዱ ያን ቀን ወደ ገበያ ስትወርድ ሽንኩርት ሻጯ "ልጅዎ እንዴት ነው?" ብትላት፣ "ድምፁ ተከፈተለት" አለች።

የመጨረሻው ኮንሰርት ከከተራ በፊት ባለው እሑድ ነበር። ከሁሉም ይደምቃል፤ እንግዳው፣ ቱሪስቱ፣ ለጥምቀት ከየአገሩ የገባው ሁሉ ያለው ያን ቀን ነው። ቤዚ በሰዓቱ መጣች፤ አምሮባት፣ የአበሻ ቀሚስ ለብሳ። አያ ሐዲስ ቲኬቷን ቀደደና፣ "ይቺ ናት ጋቢዋ?" ብሎ ይርገዱን ጠቀሳት። ይርገዱ እንደ ልጃገረድ ሳቀች። ጎን ለጎን ተቀመጡ። ይርገዱ የቤዚን ጉልበት መታ መታ አደረገችና፣

"ስጨርስ ወዲያው ነው። እንዳታመነቺ" አለቻት።

"አይዞዎት እትዬ፣ ይዤዋለሁ።"

መጋረጃው ተከፈተ። የባህል ቡድኑ ነበር፤ ሽማግሌው መሲንቆ መቺ ከፊት፣ ወጣቶቹ ከኋላው ተደርድረው። ይርገዱ ከወንበሯ ትንሽ ተነሳች፤ እጇን አፏ አጠገብ አደረገች፤ ለቀቀችው። አምና ቢሆን ሰው ሁሉ በወፍራሙ ድምፅ የሚነሳበት ሰዓት ነው። ትንፋሿ ሲያልቅ ወደ ቤዚ ዞረች።

ቤዚ ስልኳን ይዛ እየቀረጸቻት ነበር። ፊቷ በደስታ ያበራል። ከንፈሯን ጥርሷ ውስጥ ከታለች፤ ድምፅ እንዳታወጣ። በግራ እጇ "ይቀጥሉ፣ ይቀጥሉ" የሚል ምልክት ሰጠቻት። ለክፋት አልነበረም። እንዲህ ያለ እልልታ ዓለም ሁሉ ሊያየው ይገባል ብላ ነው፤ የራሷ የፍየል ድምፅ ደግሞ ያበላሸዋል ብላ ነው። ያን የተማረችውን ሁሉ፣ በዚያች ቅጽበት ከስልኳ ኋላ ረስታዋለች።

አዳራሹ ዝም አለ። ክንዱን አሳዘነችው፤ ከኪቦርዱ ኋላ ሆኖ ነጯን ቁልፍ ነካት።

ሁለቱ ሴቶች ከስፒከሩ ወጡ። ወፍራሟ ጀመረች፤ ቀጭኗ ተቀበለች። አዳራሹ ተቀበለ፤ አጨበጨበ፤ አፏጨ። ብርቱካን መጨረሻዋ ላይ እንደ መንጠቆ ወደ ላይ ታጠፈች፤ ድምፁ እዚያ ላይ ተቆረጠ። ሰዉም ጭብጨባውን ጨርሶ ተቀመጠ። መሲንቆ መቺው ቀስቱን አነሳ።

ይርገዱ ግን አልተቀመጠችም። ብርቱካን ተቀብላ መልሳላት፣ ዝም ብላ እንዴት ትቀመጥ? ጋቢዋ ከጉልበቷ ወደቀ፤ አላነሳችውም። መልሳ ወሰደችው። ከዚያ በፊትም ሆነ ከዚያ በኋላ እንደዚያ እልል ብላ አታውቅም፤ አውቶቡሱ ጋ የዋጠችውም አብሮ ሳይወጣ አልቀረም። እልልታዋ በጸጥታው ላይ ብቻዋን ወጣች፤ ሰገነቱ ድረስ ወጣች፤ ረዘመች። የመሲንቆ መቺው ቀስት አየር ላይ ቆሞ ቀረ። የፊተኛው ረድፍ ሰው ሁሉ ዞረ፤ የኋላው አንገቱን አሰገገ፤ ምሰሶው የከለለው "ማናት? ምን ሆነች?" ይላል። አንዱ "የዘፋኙ እናት ናት" ሲል ተሰማ። ክንዱ እጁን ከኪቦርዱ አነሳ። ቤዚ ስልኳን ቀስ ብላ አወረደች፤ ከዚያም ቀና ብላ አላየቻትም።

ይርገዱ ትንፋሿን ሰበሰበች። በዚያ ሁሉ ሰው ላይ ዓይኗን አዞረች።

"ምነው?" አለች። "አልጨረስንም እኮ።"